ቡአ ነው ያሉት ቄስ

የቄስ ቀለመ ወርቅ ሆድ የአጥቢያው ኩራት ነበር። ከወገዳ ከፍ ብላ ባለችው በቀበሮ ሜዳ ሚካኤል የሚያገለግሉት ሌሎቹ ቄሶች እንደ ማንኛውም የስማዳ ገበሬ ጉንጫቸው የጎደጎደ፣ ጅማታቸው የተገተረ ነበሩ። እሳቸው ግን ከሩቅ ይታወቃሉ። የንስሐ ልጆቻቸው ያን ሆድ ሲያዩ ደስ ይላቸዋል፤ «የኛን አባት እንኳን ረኃብ ጾምም አይደፍራቸው» እያሉ ይሳሳቃሉ። ቢደሰቱ አይፈረድባቸውም፤ ያበጁት እነሱ ናቸዋ!

የነፍስ አባት ቤት ከገባ ሳይበላ አይሸኝም። ክርስትናው፣ ማኅበሩ፣ ሙት ዓመቱ፣ ሠርጉ፣ የሚካኤል ዝክሩ፣ በየቤቱ መጀመሪያ የሚባርከውም መጀመሪያ የሚጎርሰውም ቄሱ ነው። «ጠገብሁ» ቢል የባለቤቲቱ ፊት ይጠቁራል፤ ወጡ አልጣመም ማለት ነው፣ ቤቱ ተናቀ ማለት ነው። ቄስ ቀለመ ወርቅ ደግሞ ሰው ማስቀየም የማይሆንላቸው ሰው ነበሩ። በተማሪነታቸው ጋይንት ውስጥ ከደጅ ደጅ ሲንከራተቱ ጠኔ የሚባለውን ነገር አይተውታል፤ የቀረበን ማዕድ መግፋት ኃጢአት ይመስላቸዋል። ስለዚህ ከአንዱ ቤት ወጥተው ሌላው ይገባሉ፤ ጠላው ላይ ጠላ፣ በላዩ ደግሞ የማር ጠጅ። ሆዳም ነበሩ ብሎ የሚያማቸው ካለ ዋሽቷል። ሰው ፊት ያፍሩ ነበር፤ ነገሩን ሁሉ ያመጣባቸውም ይኸው ማፈራቸው ነው።

በሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት ገደማ ውኃ ጥም ጀመራቸው፤ ሽንትም በዛባቸው። ወገዳ ጤና ጣቢያ ወርደው ሲመረመሩ ስኳር ተገኘባቸው። የመረመረቻቸው ሲስተር የትናየት ናት፤ በቀበሮ ሜዳ ተወልዳ፣ እሳቸው እጅ ላይ ክርስትና የተነሣች ልጅ። መጀመሪያ ክኒን ሰጠቻቸው። ክኒኑ አልበቃ ሲል ኢንሱሊን ተጀመረላቸው። አወጋጉን ራሷ አሳየቻቸው፤ መድኃኒቱንም ሙቀት እንዳያበላሸው በእርጥብ አሸዋ መካከል ገንቦ ውስጥ እንዲያስቀምጡት ነገረቻቸው። «ምግቡንም ቀነስ ያድርጉ አባ፤ በተለይ መጠጡን» አለቻቸው። እሺ አሉ። በማግሥቱ ሠርግ ነበር።

ከምግቡ የባሰው ግን መርፌው ነው። መርፌው ከቆዳ ሲወጣ አንዳንዴ የደም ጠብታ ታስከትላለች፤ ደም የፈሰሰው ቄስ ደግሞ መቅደስ አይገባም። ቄስ ቀለመ ወርቅ ይህን ለራሳቸው አሰቡ፣ ለራሳቸው ፈረዱ። በሚቀድሱበት ቀን አይወጉም። ከዚያ በዋዜማውም ተዉት። ሰንበት አለ፣ ማርያም አለች፣ ሚካኤል አለ፣ ሥላሴ አለ፤ ለመርፌው የሚተርፈው ቀን እያነሰ ሄደ። የደብሩን አስተዳዳሪ ጠይቀው ቢሆን ኖሮ ሽማግሌው «ከቅዳሴ በኋላ ተወጋ፤ ካልተመቸህም ሌላ ቄስ ይተካሃል፤ ምን ችግር አለው?» ይሏቸው ነበር፤ ኋላም እንዲህ ነው ያሏቸው። መጠየቅ ግን መናገር ነው። ታምሜአለሁ ማለት፣ ተኩኝ ማለት ነው። እሱ አቃታቸው።

«በየቀኑ እየወሰዱ ነው አባ?» ትላቸዋለች የትናየት።

«እንዴታ ልጄ!» ይላሉ። ሰው ሁሉ ውሸቱን የሚናዘዝላቸው ሰው እንዲህ እየዋሹ ከጤና ጣቢያው ይወጣሉ፤ ፊታቸው እስከ ጆሯቸው ይግላል።

ከዚያ የሽንቱ ነገር ተለወጠ። ድሮ የሚበዛው አሁን እምቢ ማለት ጀመረ። ከአጥር ጀርባ ቆመው፣ ቆመው፣ አምጠው ጠብታ ብቻ። ደግሞ ሳይጠሩት ይመጣል። «ስኳሩ ነው» አሉ ለራሳቸው፤ ለባለቤታቸው ለአልጣሽም ይህንኑ አሉ። ስኳሩ ጥሩ መሸፈኛ ሆነላቸው። ጨርቅ አጥፈው በውስጥ ይታጠቃሉ፤ አልጣሽ ሳትጠይቅ ታጥባለች። ቅዳሴው ሲረዝም ግን ጨርቁ አይበቃም። በመንበሩ ፊት ቆመው ሙቀቱ በእግራቸው ሲወርድ ይሰማቸዋል። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው ይወዱ ነበር። እንዲህ ሆኖ መቅደስ መቆም አይገባም፤ ያውቃሉ። ቆመዋል። ማቆም ምክንያት ይጠይቃላ! «ይቅር በለኝ» ይላሉ በልባቸው፣ ዕጣኑን ከወትሮው ያበዙና ይቀጥላሉ።

በዚያው ዘመን፣ በሁለት ሺህ አራት ሁዳዴ፣ ጌታነህ ሊናዘዝ መጣ። ጌታነህ ሰርክ ከእርሻው የማይጠፋ፣ እንደ በትር የቀጠነ ጎልማሳ ነው፤ ስንዴውና ባቄላው ከአጥቢያው ሁሉ ቀድሞ የሚደርስለት። የንስሐ ልጃቸው ከሆነ ብዙ ዘመኑ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲሰሙት፣ ያችን ያችን ኃጢአት ተናግሮ ጨረሰ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ፣ «አባቴ፣ ሽንቴ ደም ይቀላቅላል። ቁሜ ቁሜ ጠብ አይልልኝም። ምን በድየ ይሆን?» አለ።

ቄስ ቀለመ ወርቅ ደነገጡ። ለማንም ያልተናገሩት ነገር ከሰው አፍ ወጣ። የታወቀባቸው፣ የሚዘብትባቸው መሰላቸው፤ ቀና ብለው ቢያዩት ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «የትናየት ዘንድ ውረድ» ማለት ነበረባቸው። ሦስት ቃል ናት። «ስገድ፤ ጠበሉንም ጠጣ» አሉት። ይህም ደግ ነበር፤ እዚያ ላይ ቢያቆሙ። ቀጠሉና፣ «ይህን የመሰለ ነገር ሰው ፊት አይወራም። ቻለው» አሉት። ለእሱ ነው ያሉት? ለራሳቸው ነው እንጂ! ቶሎ ብለው ፈቱትና ተነሥተው ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ ወገባቸውን ይወጋቸው ጀመር። ብርድ ነው አሉ። በሁለት ሺህ ስድስት መስከረም ላይ ሽንቱ ጭራሽ ተዘጋና እንደ ሕፃን እየጮሁ በበቅሎ ወገዳ ወረዱ። ሲስተር የትናየት ቱቦ አገባችላቸው። ክርስትና ያነሧት ልጅ! ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። እሷ ሥራዋን እየሠራች፣ «ስንት ጊዜዎ ነው አባ?» ብትል ነጠላውን ይበልጥ ወደ ፊታቸው ሳቡ። ሽንቱ ሲወጣ ሕመሙ ረገበ፤ ሃፍረቱ ግን አልረገበም። ወደ ትልቁ ከተማ ሆስፒታል ጻፈችላቸው።

ሆስፒታሉ ውስጥ ደም ቀዱ፣ በመርፌ ከውስጥ ናሙና ወሰዱ፣ አጥንት በራጅ አነሡ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ የሚናገረውን አይሸፋፍንም። ከፊኛ ሥር ፕሮስቴት የምትባል የወንድ ዕጢ አለች፤ እሷ ላይ ካንሰር ወጥቷል፤ ወጥቶም አልቀረ፣ ወደ ጀርባ አጥንት ተሻግሯል።

«ይህን ያህል የፈጠነው ለምንድን ነው?» አለች አልጣሽ።

«እርግጡን የሚያውቅ የለም» አለ ሐኪሙ። «ነገር ግን ሆዱ ሲከማች፣ ስኳሩ ሳይያዝ ሲቆይ፣ ሰውነት ኢንሱሊን አልታዘዝ ይላል። ያን ጊዜ ሰውነት የራሱን ኢንሱሊን አብዝቶ ያመርታል። የበዛው ኢንሱሊን ካንሰሩን እደግ፣ ተሻገር የሚለው ይመስላል፤ ጥናቶቹ ወደዚያ ያመለክታሉ። እንዲህ ያለው ሰው ላይ በሽታው የመክፋት ነገር አለው።»

«እንግዲያ የምወጋው መርፌ ነው የገደለኝ?» አሉ ቄስ ቀለመ ወርቅ በድንገት። እውነት ለመናገር፣ አዎ ቢላቸው ደስ ሊላቸው ነበር።

«መርፌውማ የሚያድንዎ ነው። የሚያስፈራው የሰውነቱ መዛባት ነው። በየቀኑ ይወጉ ነበር?»

አልጣሽ ወደ ባሏ አየች። ባሏ ወለሉን አዩ። ሐኪሙ ሁለተኛ አልጠየቀም።

«ቀጭን ሰውስ? ስኳር የሌለበትስ?» አሉ ቄሱ፤ ለምን እንደ ጠየቁ ለአልጣሽም አልገባትም።

«ብዙ ጊዜ ቀስ ሊል ይችላል። ግን ዋስትና አይደለም። ምልክቱ ያለበት ሰው ቀጭን ሆነ ወፍራም፣ ፈጥኖ መታየት አለበት። እግር መስነፍ፣ መደንዘዝ ከመጣ ደግሞ በዚያው ቀን ነው፤ ከአጥንቱ ያለው ካንሰር ሕብለ ሰረሰሩን ተጭኗል ማለት ነውና።»

ሕክምናው ሌላ ጉድ ነበር። ካንሰሩን የሚመግበው የወንድነት ቅመም የሚመረተው ከቆለጥ ነው፤ የሚያቆመው መድኃኒት እንደ ልብ አይገኝም፤ የሚሻለው ቆለጡን በቀዶ ማውጣት ነው አለ ሐኪሙ። ቄስ ቀለመ ወርቅ የሰሙትን ለማመን አቃታቸው። በአገራቸው እንዲህ የሆነ ወንድ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ያውቃሉ፤ ስሙን በልባቸውም ሊያነሡት አልደፈሩም። አልቅሰው፣ ፈርመው ተኙ። ከቀዶው በኋላ ሐኪሙ «አሁን ደግሞ ሆድ የመጨመር፣ ስኳር የመውጣት ጠባይ ይመጣል፤ በእግር ይሂዱ፣ መርፌዎን አይዝለሉ» አላቸው። ወገባቸው ቀለል አላቸው። አገር ሲገቡ ለሰው ሁሉ «ቡአ ነው፤ ቡአ ነው የተቀደድሁት» አሉ።

ጌታነህ ትዝ ያላቸው ግን ገና ሆስፒታል ሳሉ ነው። ሐኪሙ በሽታውን ሲያብራራ ያ አንገቱን የደፋ ሰው ፊታቸው መጥቶ ቆመ። ሊልከው የሚገባው እኔ ነበርሁ፣ ያስቀረውም እኔ ነኝ አሉ። ገና እንደ ገባሁ እነግረዋለሁ። ምን ብለው? «ሐኪም ቤት ሂድ» ቢሉት፣ «ጠበል ጠጣ፣ ቻለው ብለውኝ አልነበረም ወይ?» ይላል። ምን ተገኘ ይላል። ከዚያ ቡአው ይወጣል፣ ጨርቁ ይወጣል፣ መቅደሱ ይወጣል፣ የመጨረሻውም ነገር ይወጣል።

ጠያቂው ቤቱን ሞልቶ ሰነበተ። አንድ ቀን ሌሎቹ ሲወጡ የጌታነህ ሚስት ደጊቱ ወደ ኋላ ቀረች። «አባቴ፣ ጌታነህ ደም ይሸናል። ጤና ጣቢያ ውረድ ብለው አይሰማኝ። እርስዎ ይንገሩት፤ የእርስዎን ቃል አይጥስም» አለች።

«እነግረዋለሁ ልጄ።»

«ይማሉልኝ?»

«እነግረዋለሁ አልሁሽ!» አሉ፤ ቁጣው ለራሳቸውም ገረማቸው።

ኅዳር ሚካኤል ጌታነህ ቤት ዝክር ነበር። ሊነግሩት ቆርጠው ሄዱ። ደጊቱ ቅቤው የተንጣለለበትን ወጥ አቀረበች፤ የበሉ እንደሆን ባሏን የሚያድኑላት ይመስል እየደጋገመች ጨመረች። ጌታነህም በእጁ አጎረሳቸው። ሐኪሙ ያለውን እያሰቡ ጎረሱ። ሰው በዝቶ ነበር፤ ሲሸኘኝ እነግረዋለሁ አሉ። ሲሸኛቸው በጓሮው መንገድ ሁለቱ ብቻ ሆኑ።

«ጌታነህ» አሉ።

«አቤት አባቴ።»

ጌታነህ ቆሞ ይጠብቃል።

«... ባቄላው እንዴት ነው ዘንድሮ?»

«ተመስገን ነው አባቴ» አለ ጌታነህ። መስቀል ተሳልሞ ተመለሰ። ቄስ ቀለመ ወርቅ መንገዱ ላይ ቆመው በራሳቸው ላይ ተፉ ማለት ይቻላል። ይህን ያህል ፈሪ ሰው እንዴት የሰው ነፍስ ይሰጠዋል?

ከዚያ በኋላ ሐኪሙ የተናገረውን ግማሽ ይዘው ግማሹን ጣሉት። ጌታነህ ቀጭን ነው። ስኳር የለበትም። ቀኑን ሙሉ የሚያርስ፣ የሚወጣ የሚወርድ ሰው ነው። የእሱ ቀስ ብሎ ነው የሚሄድ። የኔን ያሯሯጠው ሆዴ ነው፣ ስኳሬ ነው፣ የዘለልሁት መርፌ ነው፤ እሱ ግን ጊዜ አለው። ለፋሲካ እነግረዋለሁ። ስለ በሽታው የተማሩት ነገር ሁሉ ለማቆያ ጠቀማቸው እንጂ ለሌላ አልዋለም። የራሳቸውን መርፌማ አሁን በየቀኑ ይወጋሉ፤ ለራሳቸው ሲሆን ያውቃሉ።

ጥር ላይ በጌታነህ አውድማ በኩል ሲያልፉ ሌሎቹ እያበራዩ እሱ ገለባ ላይ ተቀምጦ ወገቡን ሲደግፍ አዩት። ያን አቀማመጥ ያውቁታል። እጁ ያረፈባትን ቦታ ሳይቀር ያውቋታል። እጃቸውን ከሩቅ አንሥተው ባረኩትና እርምጃቸውን አፈጠኑ።

ሁዳዴ ገባ። ጌታነህ ቤተ ክርስቲያን መምጣት ተወ። አንድ ቀን አሥር ሰዓት ግድም አልጣሽ ከውኃ ተመልሳ እንስራዋን ሳታወርድ በራፉ ላይ ቆመች። ከተጋቡ ጀምሮ ቃል ከፍ አድርጋ ተናግራቸው አታውቅም።

«ደጊቱን ወንዝ አገኘኋት። ከትላንት ጀምሮ እግሩ አልታዘዝ ብሎታል አለች። እርስዎን ጠብቃ፣ ጠብቃ፣ አሁን ስምዎንም አላነሣችብኝ።» እንስራውን አወረደች። «እርስዎ እንዳያፍሩ እሷ መበለት ትሁን?»

እግሩ። በዚያው ቀን ነው ያለው ሐኪሙ። ትላንት!

ዱላቸውን ይዘው ወጡ። ዳገቱ ላይ ወገባቸው ሲወጋቸው አልቆሙም። የንስሐ ልጆቻቸው በየደጁ «ይግቡ አባቴ፣ ይቅመሱልን» ሲሏቸው ለመጀመሪያ ጊዜ «አልገባም» ብለው አለፉ።

ጌታነህ መደብ ላይ ተኝቷል። ድሮም ሥጋ አልነበረው፤ አሁን ጋቢው ባዶ ይመስላል። ደጊቱ አይታቸው እጅ አልነሣችም፤ ወጣች። ቄስ ቀለመ ወርቅ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጡ። እንዴት እንደሚጀመር ስላላወቁ ከመጨረሻው ጀመሩ።

«የተቀደድሁት ቡአ አይደለም ጌታነህ።»

ከዚያ ሁሉንም ነገሩት። ካንሰሩን፣ ስኳሩን፣ የዘለሉትን መርፌ፣ ጨርቁን፣ ከመቅደስ ውስጥ የሆነውን። የተቆረጠባቸውንም ስሙን ጠርተው ነገሩት። «የአንተም ይኸው ነው። በዚያ ሁዳዴ ስትነግረኝ ሕመምህ ከኔ ጋር አንድ መሆኑን አውቄ ነበር። ልልክህ ይገባኝ ነበር፤ አፍሬ ነው። ከሆስፒታል ከመጣሁም ወዲህ አፍሬ ነው። አሁኑኑ ተነሥ፤ ወገዳ ይወስዱሃል፤ እኔም አብሬህ እሄዳለሁ።»

ደንግጦ ይሆናል ብለው ቢያዩት አልደነገጠም።

«እኔ መች አጣሁት አባቴ» አለ ቀስ ብሎ።

«ምኑን?»

«የእርስዎን። ከመቅደስ ሲወጡ የቀሚስዎ ጫፍ ርሶ ይታይ ነበር እኮ። ዕጣኑም ሽታውን አልሸፈነው። ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ለአባታችን ክብር ብለን ዝም አልን እንጂ።»

የቄስ ቀለመ ወርቅ ጆሮ ጮኸ። ሁሉም? ያ ሁሉ ዓመት? በየቤቱ ሲያጎርሷቸው፣ መስቀል ሲሳለሙ፣ ሁሉም ያውቁ ነበር? የደበቁት ከማን ነው ታዲያ?

«ታውቅ ከነበር... ታዲያ አንተ ምነው ሐኪም ቤት ሳትሄድ?»

«እርስዎን እያየሁ ነዋ!» አለ ጌታነህ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ መጠየቃቸው ገርሞታል። «ቻለው ብለውኝ ነበር። እርስዎም እንዲያ ሁነው ቁመው ይቀድሳሉ። ለማንም ሳይናገሩ ይችሉታል። ጽድቅ ነው አልሁ እኮ አባቴ። እኔ ከእርስዎ በልጬ ነው ሐኪም ቤት የምሮጥ ብዬ ነው።»

ቄስ ቀለመ ወርቅ ተንበረከኩና ግንባራቸውን ከመደቡ ጠርዝ፣ ከማይታዘዘው እግር አጠገብ አደረጉ። «ይቅር በለኝ» አሉ። «ጌታነህ፣ ይቅር በለኝ።»

ጌታነህ እግሩን ሊሰበስብ ሞከረ፤ አልሰበሰብ አለው። በእጁ ትከሻቸውን ወደ ላይ ሊገፋ ታገለ፤ ያ የቀጠነ ፊቱ ደም መሰለ።

«ኧረ ይነሡ አባቴ፣ ደጊቱ ትገባለች» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያሳፍሩኛል።»

ከውጭ ደጊቱ ቃሬዛ የሚሸከም ሰው ስትጣራ ይሰማል።